ቢሮ ውስጥ ኢሜይል አልገናኝ ሲል ምን ይሻላል? አይማፕ ወይስ ፖፕ፣ አውትሉክ ወይስ ተንደርበርድ ወይስ ዌብሜይል

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አንድ ነው፣ «ወንድሜ ኢሜይሉ እምቢ አለ፣ ኢንተርኔት ግን አለ፣ ዩቲዩብ ራሱ ይከፍታል» ይሉኛል። ምሰራው ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ነው፣ አስመጪዎች፣ የሂሳብ ቢሮዎች፣ ትንንሽ ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ የራሳቸው አይቲ የላቸውም፣ እኔም ሁሌ ምደርሰው ሰው ቀድሞኝ የሆነ ነገር ከነካካ በኋላ ነው። ይሄን ምጽፈውም ለዛ ነው። ኢሜይል ሲቋረጥ ከፊታችሁ ብዙ መንገድ አለ፣ ሴቲንግ ማስተካከል፣ ከፖፕ ወደ አይማፕ መሄድ (ሁለቱ ሜይል መቀበያ መንገዶች ናቸው፣ ከታች አስረዳለሁ)፣ ፕሮግራሙን (አውትሉክ ወይ ተንደርበርድ) መቀየር፣ በብሮውዘር (ዌብሜይል) መስራት፣ በስልክ ዳታ ማለፍ። የቱ ይሻላል ሚለው ግን ነገሩ የት ጋ እንደተቆረጠ ሳይታወቅ አይመለስም፣ ሳይታወቅ ሚነካካ ነገር ደሞ አንዳንዴ የማይመለስ ጉዳት ያመጣል፣ በተለይ ፎርማት ማድረግ። እባካችሁ ለኢሜይል ብላችሁ ኮምፒውተር ፎርማት አታድርጉ፣ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ በስልክ ሆትስፖት ሞክሩ

ምንም ሴቲንግ ሳትነኩ የስልካችሁን ዳታ ክፈቱና ሆትስፖት አድርጉ፣ ኮምፒውተሩን ከቢሮው ዋይፋይ ወይ ኬብል ነቅላችሁ በስልኩ አገናኙት፣ ከዛ አውትሉኩን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በሆትስፖት ከሰራ አካውንቱም ፓስወርዱም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ችግሩ ያለው የቢሮው መስመር ላይ ነው፣ ወይ ፋየርዎል (ኔትወርኩን ሚጠብቀው ማገጃ) ወይ ራውተር ወይ ደሞ ሰርቨሩ (ሜይሉ ሚቀመጥበት የሩቁ ኮምፒውተር) የቢሮውን አይፒ (ኢንተርኔት ላይ ሚታወቅበትን ቁጥር) አግዶታል። በሆትስፖትም ካልሰራ የቢሮውን ኔትወርክ ተዉት፣ ራውተር ማጥፋት ማብራት ጊዜ ማባከን ነው፣ ነገሩ ፓስወርድ ወይ የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ወይ ሰርቨሩ ጋ ነው። እሱን ለመለየት ደሞ በብሮውዘር ዌብሜይሉን ክፈቱ፣ እዛ በዛው ፓስወርድ ከገባችሁ ሰርቨሩ አለ፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፣ ቀሪው ፕሮግራሙና ሴቲንጉ ነው ማለት ነው።

ዩቲዩብ እየከፈተ ኢሜይል ለምን እምቢ ይላል ብሎ ሰው ይናደዳል፣ እውነቱን ነው ግራ ያጋባል። ብሮውዘር ሚወጣው በ443 ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ በር) ነው፣ አውትሉክ ግን በ993 ወይ 995 ይቀበላል በ587 ወይ 465 ይልካል። አንድ ህንጻ ላይ ዋናው በር ክፍት ሆኖ የጓሮውን ዘበኛው ቆልፎት ሊሄድ ይችላል አይደል፣ እንደዛው ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነስተው ሌላ ህንጻ የገቡ ደንበኞች ነበሩኝ፣ ኮምፒውተሩ ያው ሴቲንጉ ያው፣ ግን በገቡ ማግስት ኢሜይል ቀጥ አለ። አዲሱ ህንጻ ለተከራዮቹ ኢንተርኔት ሚያከፋፍለው ከአንድ ቦታ ነው፣ እዛ ያለው ፋየርዎል ደሞ ከዌብ ውጪ ሁሉንም ዘግቶታል። ሶስት ቀን አውትሉክ ሲያጠፉ ሲጭኑ ከርመዋል፣ በሆትስፖት ቢሞከር ግን የዛኑ ቀን ጠዋት ይታወቅ ነበር።

ሆትስፖትን ለስራ መጠቀምስ? ለአንድ ቀን ለሁለት ቀን ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ አዲስ የአይማፕ አካውንት በሆትስፖት አትክፈቱ፣ የድሮውን ሜይል በሙሉ ማውረድ ይጀምርና ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። አውትሉክ ላይ የ1 ወር ብቻ አውርድ ማለት ይቻላል፣ ዊንዶውስ ላይ ደሞ ያንን ዋይፋይ «ሜተርድ» አድርጉት፣ አለዚያ አፕዴቱም አብሮ ይበላላችኋል።

ሰዓትና ቀን እዩልኝ

ይሄ የኛ ሀገር ነገር ነው፣ ፈረንጆቹ በሚጽፉት መመሪያ ላይ ብዙም አታገኙትም። ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ሚያደርግ ሰው አለ፣ ጠዋት 3 ሰዓት እንዲል ፈልጎ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይጎትተዋል። ከዛም አልፎ ቀኑን ወደ እኛ ዓመት ሚቀይር አለ፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ 7 ወይ 8 ዓመት ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን ሚያሳይበት መታወቂያ) መጀመሪያና ማለቂያ ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ ገና ያልጀመረ ሰርተፍኬት ነው ብሎ አልገናኝም ይላል። ስድስት ሰዓቷም ብትሆን ቀላል አይደለችም፣ የድርጅት ሰርቨር ላይ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ መግባት ይከለክላል።

ሌላው የማዘርቦርድ ባትሪ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ይገኛል፣ ሰው ደሞ «መብራት ሲሄድ ኢሜይሌ ይበላሻል» ይላል፣ ትክክል ነው ግን ምክንያቱ ያቺ ክብ ባትሪ ናት፣ ሲአር2032 ትባላለች፣ ርካሽ ናት፣ ቀይሩና ጨርሱ። የሰዓት ዞኑን ዊንዶውስ ላይ ፕላስ 3 «ናይሮቢ» ሚለው ላይ አድርጉት፣ የኛም እሱ ነው፣ ከዛ በራሱ እንዲያስተካክል አብሩት። የኛን ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ግድግዳ ላይ ሰዓት መስቀል ይሻላል።

ፖፕ ወይስ አይማፕ

እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚጎዳው፣ ስለዚ ረዘም አደርገዋለሁ።

ፖፕ ማለት ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ደብዳቤውን ቤት ይዛችሁ መግባት ነው፣ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። አይማፕ ማለት ደብዳቤው እዛው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እናንተ ከፈለጋችሁበት ቦታ ማንበብ ነው። ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነገር ነው፣ ሰው በስልክ መስመር ለአጭር ጊዜ ተገናኝቶ አውርዶ ሚዘጋበት ጊዜ፣ ለዛ ዘመን ልክ ነበር። አይማፕን ደሞ ማርክ ክሪስፒን የሚባል ሰው በ1986 ስታንፎርድ ላይ ነው የጀመረው፣ ሀሳቡም ከተለያየ ማሽን አንድ ፖስታ ሳጥን ማየት ነው። አሁን ስልክም ላፕቶፕም ቢሮም ላለው ሰው የትኛው እንደሚስማማ ግልጽ ነው።

ግን አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም ብዙ ቢሮ በፖፕ ነው ሚሰራው፣ ምክንያትም አለው። ርካሽ ሆስቲንግ (ሰርቨሩን ሚያከራየው ድርጅት) የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው፣ ሜይሉ እዛው ከተጠራቀመ ይሞላና አዲስ ሜይል መቀበል ያቆማል፣ በፖፕ ከሆነ ግን ወደ ኮምፒውተር ወርዶ ከሰርቨሩ ይጠፋል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም የድሮውን ማንበብ ይቻላል፣ ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጉዳቱን ደሞ ልንገራችሁ። አንድ አስመጪ ቢሮ አውትሉክ አልገናኝ ብሎ ሰው ጠሩ፣ የመጣው ልጅ ብዙ ሞከረና «ቫይረስ ነው ፎርማት ይደረግ» አለ፣ ፎርማት ተደረገ፣ አካውንቱ እንደገና ተከፈተ፣ ተገናኘ፣ ሁሉም ደስ አላቸው፣ ከዛ ጸሐፊዋ ኢንቦክሱን ብትከፍተው የትናንትና ብቻ ነው ያለው። የአራት ዓመት ፕሮፎርማ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ከቻይና አቅራቢዎች ጋር የተጻጻፉት፣ ሁሉም የነበረው ሲ ድራይቭ ላይ በፒኤስቲ ፋይል (አውትሉክ ሜይሉን ሚያስቀምጥበት ፋይል) ነበር። እኔን የጠሩኝ ከዛ በኋላ ነው። ከሀርድ ዲስኩ መልሼ ለማውጣት ሁለት ሌሊት ሰራሁ፣ የወጣው ጥቂት ነው፣ ልጅቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አልረሳውም፣ ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ ማንም አልነገራትም።

ስለዚ መጀመሪያ አካውንቱ ፖፕ ነው አይማፕ ሚለውን እዩ፣ አውትሉክ ላይ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ከስሙ ጎን ተጽፏል። ፖፕ ከሆነ አውትሉኩን ዝጉና ዶክመንትስ ውስጥ «አውትሉክ ፋይልስ» ሚለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ በኋላ ብቻ ሌላ ነገር ንኩ። ፎልደሩ እዛ ከሌለ ዳታ ፋይልስ ሚለው ታብ ላይ ያለበት ቦታ ይታያል። ተንደርበርድ ከሆነ ፋይሉ ያለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ከሄልፕ ሜኑ ገብታችሁ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ሚለው ላይ ፕሮፋይል ፎልደሩን ክፈት ሚል አለ። የፒኤስቲ መጠንም እዩ፣ አውትሉክ 2003 እና 2007 ላይ ገደቡ 20 ጊጋባይት ነው፣ ከ2010 ጀምሮ 50፣ እዛ ሲደርስ አዲስ ሜይል መቀበል ያቅተዋል፣ ሰው ደሞ ኔትወርክ ነው ብሎ ያስባል።

አይማፕም የራሱ ጣጣ አለው። በተለይ አንድ «ኢንፎ» ሚል አድራሻ ለአምስት ለስድስት ሰው ሲከፈት። ጂሜይል ለአንድ አካውንት ባንድ ጊዜ 15 ግንኙነት ብቻ ነው ሚፈቅደው፣ ተንደርበርድ ደሞ አንዱ ብቻውን እስከ 5 ይከፍታል፣ አራት ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጣችሁት 20 ሆነ፣ አለፈ። ብዙ ሆስቲንጎች ሚጠቀሙት ዶቭኮት የሚባለው ሰርቨር ደሞ ሳይነካ በፊት ለአንድ ተጠቃሚ ከአንድ አይፒ 10 ብቻ ነው፣ ቢሮው በሙሉ ደሞ ወደ ውጪ ሚታየው በአንድ አይፒ ነው። ለዛ ነው ጠዋት የመጡት ሁለቱ ሚሰራላቸው፣ አርፍዶ የመጣው ግን እምቢ ሚለው። እዚ ላይ መፍትሄው ተንደርበርዱን ወደ 2 ግንኙነት ዝቅ ማድረግ ነው፣ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ሚለው ጋ አለ።

የኔ ምርጫ፣ ከአንድ በላይ መሳሪያ ካላችሁ አይማፕ፣ ምንም ጥያቄ የለውም። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለውና ሆስቲንጉ ጠባብ የሆነ ቢሮ ፖፕ ቢጠቀም አልከራከርም፣ ግን «ኮፒ ሰርቨር ላይ ተው» ሚለውን 14 ቀን ብሎ ያብራው፣ ፋይሉንም በየሳምንቱ አርብ ኮፒ ያድርግ።

ይቀበላል ግን አይልክም፣ የቱ ፖርት?

ይሄ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 25 ፖርት ነው። 25 ሰርቨርና ሰርቨር ሚነጋገሩበት የድሮ በር ነው፣ ስፓም ስለበዛበት በብዙ ኔትወርክ ላይ ዝግ ነው፣ ስለዚ ከቢሮ ኮምፒውተር በሱ ለመላክ አትድከሙ። 587 ወይ 465 ተጠቀሙ። የቱ ይሻላል ካላችሁ ሁለቱም ይሰራሉ፣ ከ2018 ወዲህ የወጣው ምክር ከመጀመሪያው ሚቆለፈውን 465ን ነው ሚያስቀድመው፣ አንዱ ከተዘጋ ሌላውን ሞክሩ። ስህተቱ ያለው ግን ማጣመሩ ላይ ነው፣ ኢንክሪፕሽን (መቆለፊያ) ሚለው ምርጫ ላይ 465 ከኤስኤስኤል ጋር ነው ሚሄደው፣ 587 ደሞ ከስታርትቲኤልኤስ ጋር፣ አገላብጣችሁ ካስገባችሁ ዝም ብሎ ይዞር ይዞርና ታይም አውት ይላል። «ለመላክም ፓስወርድ ያስፈልጋል» ሚለውንም ቲክ አድርጉ፣ እሱን የረሳ ሰው ብዙ ነው። ለመቀበያ ደሞ በ143 እና በ110 ፈንታ 993 (ለአይማፕ) እና 995 (ለፖፕ)፣ እሱ ላይ ማወዳደር አያስፈልግም፣ የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ላይ ፓስወርዳችሁን ገልጣችሁ አትላኩ።

ፖርቱ ክፍት መሆኑን ለማየት ፒንግ አይበቃም፣ ፒንግ ፖርት አያይም። ፓወርሼል (ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ ሚጻፍበት መስኮት) ላይ ቴስት-ኔትኮኔክሽን ሚለውን ትዕዛዝ ከሰርቨሩ ስምና ከፖርቱ ቁጥር ጋር አስገቡ (Test-NetConnection የሰርቨሩ ስም -Port 993)፣ መጨረሻ ላይ «ትሩ» ካለ በሩ ክፍት ነው፣ «ፎልስ» ካለ ዝግ ነው። በቢሮው ፎልስ በሆትስፖት ትሩ ካለ በቃ ማስረጃችሁን ያዛችሁ፣ ስክሪንሾት አንሱ።

ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ሚከለክል

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ለግል አካውንቶች በተራ ፓስወርድ ብቻ ሚገባ ፕሮግራም አይቀበልም። ማይክሮሶፍት ደሞ የድርጅቶቹን ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ መዝጋት ጀመረ፣ የግሉን ሴፕቴምበር 2024 ላይ። ስለዚ አውትሉክ 2007 ወይ 2010 ላይ ፓስወርዱን መቶ ጊዜ ብትጽፉ ዋጋ የለውም። ጂሜይል ላይ ባለሁለት ደረጃውን አብርታችሁ ባለ 16 ፊደል አፕ ፓስወርድ ማውጣት ትችላላችሁ፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ግን እሱም አያዋጣም፣ በብሮውዘር መስኮት ሚያስገባ አዲስ ፕሮግራም ነው ሚያስፈልገው። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደሞ ሌላ ጉዳይ አለባችሁ፣ ብዙ ሰርቨሮች ቲኤልኤስ 1.2 (ግንኙነቱን ሚቆልፈው አሰራር ስሪት) ነው ሚፈልጉት፣ 7 ላይ አውትሉኩ በራሱ አይጠቀመውም፣ አፕዴትና የሬጂስትሪ ማስተካከያ ይፈልጋል፣ እኔ ግን ተዉት እላለሁ፣ ድጋፉ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ቆሟል።

ሁሉም ሰው ባንዴ ሲቆምበት

ቢሮው በሙሉ ከቆመና በስልክ ዳታ ግን ሁሉም ከሰራ አንድ ሰው ፓስወርድ ቀይሮ ስልኩ ላይ ሳይቀይር ቀርቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ስልኩ በኪሱ ሆኖ በቢሮው ዋይፋይ በየደቂቃው በድሮው ፓስወርድ ያንኳኳል፣ ሰርቨሩ ጥቃት ነው ብሎ ያንን አይፒ ያግደዋል፣ አይፒው ደሞ የሁላችሁም ነው። ሲያዩት ሲስተም የለም ይባላል፣ ሲስተሙ ግን አለ። እዚ ጋ ምርጫው መጠበቅ ወይ መደወል ነው፣ እገዳው በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ያ ስልክ ካልተገኘ ተመልሶ ይታገዳል። ስለዚ መጀመሪያ ስልኩን ፈልጉ፣ በቅርቡ ፓስወርድ የቀየረ ማነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየውን ሳታሳፍሩ፣ ከዛ ሆስቲንጉ ጋ ደውላችሁ አይፒያችሁን ስጧቸውና ያንሱላችሁ። ራውተር ማጥፋት ሚጠቅመው አይፒው ተቀያያሪ ከሆነ ብቻ ነው፣ ቋሚ አይፒ ከፍላችሁ የገዛችሁ ከሆነ ያው ይመለሳል።

አንቲቫይረስ ላይ ብዙ አልልም፣ «ሜይል ሺልድ» ሚለውን (ኢሜይል ሚፈትሸውን ክፍል) ለአፍታ አጥፍቶ መሞከርና ከሰራ ለኢሜይል ብቻ አጥፍቶ ሌላውን እንዳለ መተው።

ፕሮግራሙን ብቀይርስ?

የኔትወርክ ችግር ከሆነ ፕሮግራም መቀየር ምንም አይለውጥም፣ ተንደርበርድም በዛው በተዘጋ በር ነው ሚሄደው። ሚጠቅመው አውትሉኩ ያረጀ ከሆነ ነው። ተንደርበርድ ነጻ ነው፣ ከ2004 ጀምሮ አለ፣ የተሰረቀ ኦፊስ ከመጫን በሁሉም መንገድ ይሻላል፣ የጎግልንም የማይክሮሶፍትንም አዲሱን አገባብ ይችላል። አውትሉክ ካሌንደርና ስብሰባ ለሚያበዛ፣ ሰርቨሩም የማይክሮሶፍት ለሆነ ቢሮ ይሻላል። አዲሱን አውትሉክ ስትጭኑ ግን እወቁት፣ የአይማፕ አካውንት ስታስገቡ ሜይሉን በማይክሮሶፍት ክላውድ በኩል ነው ሚያሳልፈው፣ የደንበኛ ሚስጥር የያዛችሁ የሂሳብና የህግ ቢሮዎች ሳታስቡበት ኔክስት አትበሉ።

ዌብሜይል ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን አልንቀውም። አብዛኛውን ጊዜ በ443 ስለሚሄድ ብዙ ቢሮ ላይ ይከፍታል፣ የግብር ማሳወቂያ ቀን ደርሶ ሰነድ መላክ ካለባችሁ በሱ ላኩና ጥገናውን ከሰዓት አድርጉት። ያለ ኢንተርኔት አያነብም፣ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ከተቋረጠም ከእንደገና ነው። ስለ ፋይል ካነሳን፣ የ25 ሜጋባይት ገደብ ሲባል ፋይሉ ሲላክ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ ብዙ ሰርቨር ላይ 18 ሜጋባይት ገደማ ላይ ነው ሚቆመው፣ ስካን ያደረጋችሁትን ቀንሱ ወይ በሊንክ ላኩ።

የተዘጋ ፖርት ከሆነ መጨረሻው ያው የህንጻውን ኔትወርክ ሰው ማናገር ነው። «ኢሜይል አይሰራም» ብላችሁ ከሄዳችሁ ኢንተርኔት አለ ብለው ይመልሷችኋል። ይልቅ ስክሪንሾቱን ይዛችሁ በጽሁፍ እንዲህ በሉ፣ «ከቢሮ ቁጥር ይሄ ወደ ውጪ በቲሲፒ 993፣ 465 እና 587 ወደዚህ የሜይል ሰርቨር እንዲከፈትልን፣ ወደ ውስጥ ምንም እንዲከፈት አንፈልግም»። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት፣ ኔትወርክ ሚጠብቅ ሰው ሚፈራው ወደ ውስጥ ሚገባውን ነው።